ጅማ ላይ ሆኖ የወንዝ አፍ ድምፅ ማጥናት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጅማ የምኖር የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ድምፅ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የሚያጠና ጽሑፍ አንብቤ ልቤ እዚያው ቀረ። ለመመረቂያዬ ልሥራው ብዬ ሳማክር ‹ባሕሩን ከየት ልታመጪው ነው?› ተባልኩ። ግልገል ጊቤ ወደ ግድቡ ሐይቅ የሚገባበት ቦታ አይሆንም? ወይስ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ እስከሚገባበት ልሂድ? ያለኝ ላፕቶፕና አንድ የድምፅ መቅጃ ነው። ድምፁ እዚያ ምን እንደሚሆንም በቀላሉ ቢያስረዱኝ።»

መልስ፦ ይሆናል። ቱርካና ድረስ መንከራተትም አያስፈልግሽም። ግን «ባሕሩን ከየት ልታመጪው ነው» ያለሽ ሰው ጨርሶ አልተሳሳተም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ወንዝ ባሕር የሚገባበት አፍ፣ በሙያው ኤስቹዋሪ የሚሉት፣ ለድምፅ ለምን ያስቸግራል? ብዙ ሰው «ጨው ስላለ» ይላል። ጨው አንዱ ምክንያት ነው። ግን ሌሎቹን ቁጠሪያቸው። ውሃው ጥልቀት የለውም። አንድ ወጥ ሳይሆን ድርብርብ ነው። ወለሉ ጭቃ ነው። ጭቃው ውስጥ ጋዝ አለ። ወንዙ ደለል እያመጣ ይደፋል። ጠዋት የለካሽው ከሰዓት ሌላ ሆኖ ይጠብቅሻል። ከእነዚህ ሁሉ እናንተ ጋ የሌለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጨውና የባሕሩ በየቀኑ መሙላትና መጉደል። የቀረው ከጅማ ብዙም ሳይርቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

በመሠረቱ ልጀምር። አየር ላይ ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል። በዚያው ሙቀት ንጹሕ ውሃ ውስጥ 1,482 ሜትር ይሄዳል። ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ዋና ስትዋኚ ከውሃ በታች የሰማሽው ድምፅ ከየት እንደመጣ ጠፍቶብሽ ያውቃል? ምክንያቱ ይሄ ነው። አእምሯችን አቅጣጫ ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ድምፁ ቀድሞ የደረሰው በቀኝ ነው በግራ የሚለው ነው። ውሃ ውስጥ ልዩነቱ በጣም ስለሚያጥር ግራ ይጋባል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ይህን ፍጥነት ሐይቅ ላይ በደንብ ከለኩት ቀዳሚዎቹ የፊዚክስ ሊቁ ኮላዶንና የሒሳብ ሊቁ ስቱርም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1826 ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ መካከል ባለው የጄኔቫ ሐይቅ ላይ ሠሩት። አንዱ ጀልባ ላይ ደወል ውሃ ውስጥ ሰቀሉ። ደወሉ ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ቦግ እንዲል አደረጉ። 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ የቆመው ኮላዶን ብልጭታውን አይቶ ሰዓት ያስነሳል። ከዚያ ጆሮውን ውሃ ውስጥ በገባ ረጅም የቆርቆሮ ቱቦ ላይ ደቅኖ ደወሉን ይጠብቃል። ዘጠኝ ሰከንድ ከምናምን ወጣ። ያገኙት 1,435 ሜትር በሰከንድ ነው፣ በ8 ዲግሪ ውሃ። ዛሬ ባለው ስሌት 1,439 መሆን ነበረበት። በደወልና በባሩድ አራት ሜትር ብቻ ሳቱ! ይህን የማነሳልሽ በመሣሪያሽ ማነስ እንዳታፍሪ ነው። የኮላዶን ዘዴ ስለ መቅጃሽ ሳወራ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው። የድምፅን ፍጥነት የሚቀያይረው ምንድን ነው? በ20 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ ወደ 3 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ አንድ ግራም ጨው ሲጨመር ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጥልቀት ደግሞ በመቶ ሜትር 1.6 ገደማ ነው፤ ለእናንተ ውሃ እርሺው።

የእውነተኛ ኤስቹዋሪ ታሪክ ከዚህ ይወጣል። የወንዙ ንጹሕ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይፈሳል። የባሕሩ ጨዋማ ውሃ ከባድ ስለሆነ እንደ ሽብልቅ ከሥር ሰርጎ ወደ ወንዙ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ የኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ለዚህ የታወቀ ነው። ባሕር በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ስለዚህ ሙቀታቸው እኩል ቢሆን እንኳ የታችኛው ውሃ ከላይኛው በ40 ሜትር በሰከንድ ያህል ይፈጥናል። ጥቂት ሜትር ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ማለት ለድምፅ ትልቅ ነገር ነው።

ምን ያደርገዋል? ያጥፈዋል። ጋሪ አስቢ። የግራ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲገባ የቀኙ በደረቁ እየሮጠ ጋሪው ወደ ግራ ይዞራል፤ ወደ ጭቃው ማለት ነው። ድምፅም እንደዚያው ነው። ሁልጊዜ ወደሚዘገይበት ውሃ ይታጠፋል። ኤስቹዋሪ ላይ የሚዘገየው የላይኛው ንጹሕ ውሃ ስለሆነ ድምፁ ወደ ላይ ይሳባል።

ግልገል ጊቤ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ታገኚዋለሽ። ለእኔ የጥናትሽ ጣዕም እዚህ ጋ ነው። የግድቡ ሐይቅ ፀሐይ ሲመታው ላዩ ይሞቃል። ክረምት ላይ ከደጋው የሚወርደው ወንዝ ቀዝቃዛና ድፍርስ ነው። ስለዚህ ከባድ ነው። ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ይሄድና ከሥር ይጠልቃል። የሚጠልቅበትን ቦታ ብዙ ጊዜ በዓይን መለየት ይቻላል። ቀዩ ውሃ ድንገት ያልቅና ጠራ ያለው ይጀምራል፤ መስመሩ ላይ ቅጠልና እንጨት ተሰብስቦ ይንሳፈፋል። ለምሳሌ ላዩ 25፣ የሚገባው ወንዝ 19 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 17 ወይም 18 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። የባሕሩን ግማሽ አያህልም፤ ግን ይለካል። የሚዘገየው የታችኛው ስለሆነ ድምፁ ወደ ታች፣ ወደ ጭቃው ይታጠፋል። ሕጉ ያው ነው፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ውሃው የጠለቀው ቀዝቅዞ ሳይሆን ደለል ስለተሸከመ ብቻ ሊሆን ይችላል። ደለል ውሃውን ያከብደዋል፤ የድምፁን ፍጥነት ግን ያን ያህል አይነካውም። በዓይንሽ ሁለት ውሃ እያየሽ ለድምፁ አንድ ውሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን አይተሽ አትፍረጂ፤ ሙቀቱን ለኪ።

ቱርካናስ? ከስሜት አንፃር እረዳሻለሁ። ከተማችሁን ሰንጥቆ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ የቦዬን ረግረግ አልፎ ግልገል ጊቤ ይገባል፣ ግልገል ጊቤ ጊቤን ይቀላቀላል፣ ጊቤ ኦሞ ይባላል፣ ኦሞም ቱርካና ገብቶ ይቀራል። ውቅያኖስ የሚባል ነገር አያይም። የጅማ ዝናብ «ባሕር» ቱርካና ነው ማለት ይቻላል። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ጨው ቢጤ ነው። ነገር ግን ጨዋማነቱ በኪሎ 2.5 ግራም ገደማ ነው። አስልተሽ እዪው፤ ለድምፅ 3 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። የአንድ ዲግሪ ሙቀት ያህል። ለአንድ ዲግሪ ብለሽ ያን ሁሉ መንገድ አትሂጂ። የመስክ ገንዘብሽ መንገድ ላይ ያልቃል።

ጥልቀት ማነስ ሌላው ጣጣ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ለድምፅ እንደ ጠባብ ቱቦ ነው። ከላይ የውሃው ፊት ይመልሰዋል፣ ከታች ወለሉ። ወፍራሙ ድምፅ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ አይገባበትም። ወለሉ አሸዋ ከሆነና በአሸዋው ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,650 ሜትር ይሄዳል ካልን፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ ከ420 ኸርዝ በታች ያለው፣ ማለትም በሰከንድ ከ420 ጊዜ በታች የሚንዘረው ድምፅ ሩቅ አይሄድም። አምስት ሜትር ላይ ገደቡ ወደ 170 ይወርዳል። ከዚያ በታች ያለው በአጭር ርቀት እየሰለለ ይጠፋል። የሰው ንግግር ውስጥ ያለው ወፍራም ድምፅ በሙሉ እዚያ ይቀራል ማለት ነው። ለስላሳ ጭቃ ላይ ይህ ቀመር አይሠራም። ጭቃው ውስጥ ድምፅ እንደ ውሃው ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ሊሄድ ስለሚችል ወለሉ አይመልሰውም፣ ይውጠዋል።

ጭቃ ካልን ጋዝ አለ። ግድቡ ሲሞላ የተዋጠው ሣርና ቅጠል፣ በየዓመቱ የሚመጣው ደለል፣ ከሥር አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን ይወጣል። የረግረግ ዳር ጭቃ በዱላ ወግተሽ ቡልቅ ቡልቅ ሲል አይተሽ ይሆናል። ያ ጋዝ ድምፅን ምን እንደሚያደርገው ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አላመንኩም ነበር። ውሃ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ የአየር አረፋ ካለ ወፍራሙ ድምፅ በሰከንድ 120 ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። ከውሃም ያንሳል፣ ከአየርም ያንሳል! ምክንያቱ ቀላል ነው። አረፋው ውሃውን እንደ ስፖንጅ ያለሰልሰዋል፣ ክብደቱ ግን የውሃ እንደሆነ ይቀራል። ለስላሳና ከባድ ነገር ውስጥ ድምፅ ይንቀረፈፋል። የ120ው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው። የግድቡ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ላይኛው ውሃ ላይ ቁጥሩ ወደ 110 ይወርዳል። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ቁጥሩ ከባሕር ጠረፉ እንዴት እንደሚለይ አንቺው አስልተሽ የምታስገቢው ምዕራፍ ነው።

ስለ ደለሉ ባጭሩ። ድፍርስ ውሃ ዓይንን እንጂ ጆሮን አያሳውርም። ጥቂት ኪሎ ኸርዝ ላይ ለሚሠራ ሰው ደለሉ ብዙም አይገደውም። መቶ ኪሎ ኸርዝና ከዚያ በላይ፣ ማለትም የዓሣ መፈለጊያና የጥልቀት መለኪያ ሶናሮች በሚሠሩበት፣ ደለሉ ድምፁን ይበትነዋል፣ ይውጠዋልም። ደስ የሚለው ግን ንጹሕ ውሃ ራሱ ብዙ ድምፅ አይበላም። 100 ኪሎ ኸርዝ ላይ የባሕር ውሃ በኪሎ ሜትር ከ30 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በላይ ይውጣል፣ ዋና ጥፋተኛው በጨው ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። ንጹሕ ውሃ 2 ዴሲቤል ገደማ ይበቃዋል። በነገራችን ላይ አምባዛ ይህን ሁሉ ያውቅበታል። የአየር ከረጢቱን ከውስጥ ጆሮው ጋር የሚያያይዙ ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ቆሮሶ ይህ የለውም። ድፍርስ ውሃ ውስጥ ማን በደንብ እንደሚሰማ ገባሽ።

እሺ፣ ሥራው እንዴት ይሠራ?

የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ሃይድሮፎን ይባላል። የፋብሪካው ውድ ነው። ለጊዜ መለኪያ ግን በእጅ የተሠራ ይበቃሻል። የደወል ሰዓት ወይም የሚዘፍን የፖስታ ካርድ ውስጥ ያለች ስስ የናስ ክብ አለች፣ ፒዞ ትባላለች። ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ አታጪም። የማይክሮፎን ገመድ በይጅባት፣ በኢፖክሲ ሙጫ ድፈኛት፣ አድርቀሽ እንደገና ድፈኛት። ቀጥታ መቅጃው ላይ ከሰካሻት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ በመካከል አንድ ትራንዚስተር ያላት ትንሽ ማጉያ አስገቢ። ይህን ለኤሌክትሪካል ተማሪ ጓደኛ ስጪው፣ በአንድ ማኪያቶ ይሠራልሻል። መጀመሪያ ሮቶ ውስጥ ነክረሽ አሳድሪያት። ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ሮቶ ውስጥ ይታወቅ፣ ጀልባ ላይ ሳይሆን።

ሁለት ሥሪ። ይህ ግዴታ ነው። መቅጃሽ ስቴሪዮ ከሆነ አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ትገባለች። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ስለሚቀዱ ኮላዶንን ያስጨነቀው የሰዓት ማስተካከል ጉዳይ አንቺን አይመለከትም። አንዷን ከድምፁ ምንጭ አጠገብ፣ ሌላዋን 50 ሜትር ርቀት ላይ ስቀይ። ምንጩ ሁለት የብረት ቁራጭ ነው፣ ውሃ ውስጥ ማጋጨት። ኳ! የሚለው ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ጥልቀት በሌለው ውሃም ያልፋል።

አሁን ስሌቱን ተመልከቺ። 50 ሜትር በ1,480 ሲሄድ 33.8 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ በ1,497 ሲሄድ 33.4። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያንሳል። መቅጃሽ በሰከንድ 48,000 ናሙና ከወሰደ ይህ 18 ናሙና ያህል ነው። በግልጽ ይታያል። «በቃ አለቀ» ትያለሽ። አላለቀም። ናይለን ገመድ ሲረጥብ ይለጠጣል። 50 ሜትሩ በመቶ አንድ ብቻ ቢለጠጥ ግማሽ ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር ደግሞ 0.34 ሚሊ ሰከንድ። የምትፈልጊውን ውጤት ያህል ስሕተት ገመዱ ብቻውን ይሰጥሻል። አንድ ክረምት ሙሉ የገመድ መለጠጥ አጥንቶ «የውሃ ንብርብር አገኘሁ» ያለ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

መፍትሔው እውነተኛውን ፍጥነት ለማወቅ አለመሞከር ነው። ልዩነቱን ብቻ ፈልጊ። በዚያው ገመድ፣ በዚያው ሰዓት፣ መጀመሪያ ላዩ ላይ፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ታች አውርደሽ ኳ አድርጊ። ገመዱ ምን ያህል ቢለጠጥ ለሁለቱም እኩል ይሆናል። ሠላሳ ጊዜ ድገሚው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ወንዙ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚፈስ ከሆነ ድምፁን በዚያው ልክ ይሸከመዋል። ስለዚህ ምንጩንና መቀበያውን ቦታ አቀያይረሽ ደግመሽ ለኪ፤ አማካዩ የፈሰሱን ውጤት ያጠፋዋል።

ጎን ለጎን ሙቀቱን በየግማሽ ሜትሩ ለኪ። ውሃ የማያስገባ ዲጂታል የሙቀት ሴንሰርና ንባቡን የሚመዘግብ አርዱዊኖ የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይበቃል። እነዚህ ሴንሰሮች እስከ ግማሽ ዲግሪ ሊዋሹ ይችላሉ። ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ ከተሽ ማን ስንት እንደሚዋሽ መዝግቢ። ከሙቀቱ ያሰላሽው ፍጥነትና ከድምፁ ያገኘሽው ከተስማሙ ሥራሽ ቆመ። ካልተስማሙ የበለጠ ደስ ይበልሽ፤ ምናልባት አረፋውን አገኘሽው።

ገመዱ ወንዙ ላይ ሲወጠር እንደ ክራር ይንዘራል። ስፒከር ላይ ስትሰሚው «ምሥጢራዊ ዝቅተኛ ድምፅ» ይመስልሻል። ቁርጥራጭ ጨርቅ በየስንዝሩ እሰሪበት፣ ዝም ይላል። ሃይድሮፎኗን ደግሞ ካልሲ አልብሻት።

ዴሲቤል አትጻፊ። በታወቀ መሣሪያ ካልተመዘነች የአንቺ ፒዞ ጊዜን እንጂ ጉልበትን አትናገርም። ውሃ ውስጥ ያለው ዴሲቤልም ከአየሩ ጋር አንድ አይደለም፤ የመነሻ ግፊቱ ሌላ ስለሆነ በዚያ ብቻ 26 ዴሲቤል ይለያያሉ። ይህን ሳያውቅ «እንዲህ ያለ ድምፅ አውሮፕላን ያህላል» የሚል ስንት ሰው አለ።

ስለ ቦታው። ግድቡ የመንግሥት ንብረት ነው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አለው። ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ይዘሽ ፈቃድ አስቀድመሽ ጠይቂ። ወደ ውሃ መሳቢያው አትጠጊ፤ ሥራሽ የወንዙ መግቢያ ላይ ስለሆነ ከግድቡ ሩቅ ነሽ። የአካባቢውን ዓሣ አጥማጅ ያዢ፤ ጀልባውንም፣ ጉማሬ የት እንደሚውልም እሱ ያውቃል። ለልምምድ ብለሽ ቦዬ ላይ እንዳትሞክሪ። የቦዬ ጉማሬዎች ውሃ ውስጥ እርስ በርስ የሚጠራሩ ጎበዝ ድምፃውያን ናቸው፣ ቀርቦ መቅዳት ግን የማስተርስ ሥራ አይደለም። የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ አጎበር። በግድቡ ዙሪያ ወባ አለ፣ የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብዙ ጽፈውበታል።

ርዕሱ ላይ «ኤስቹዋሪ» የሚለውን አውጪው። «ወንዝ ወደ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በሚገባበት ቦታ የድምፅ ጉዞ» በይ። ያን ጊዜ ባሕሩን የት አለ የሚልሽ አይኖርም፤ የኤስቹዋሪውን ጽሑፎች ግን ለማነጻጸሪያ ትጠቀሚባቸዋለሽ፣ በተለይ ያንን ወደ ላይና ወደ ታች መታጠፍ።

ከሰዓት ዝናብ መምጣቱ አይቀርም፣ ጅማ ነው። ጀልባውን ወደ ዳር አውጪ፣ ግን ዳር ላይ ያለችውን ሃይድሮፎን አታውጪ፣ መቅጃውንም በላስቲክ ሸፍነሽ እንደበራ ተዪው። ካፊያ ሲጥል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነች ጠብታ ውሃው ውስጥ ስትገባ ትንሽ አረፋ ይዛ ትገባለች፤ አረፋዋ 15 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ትጮኻለች። ዶፍ ሲሆን ድምፁ ወደ ዝቅተኛውም ይሰፋል። ላፕቶፕሽ ላይ ስትከፍቺው ካፊያው ወደ ዶፍ የተለወጠበትን ደቂቃ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ያንን ፋይል ላኪልኝ።